ቤት በበቅሎ የተለወጠበት ሰሞን

ወረታ ላይ ቤት በበቅሎ የተለወጠበትን ሰሞን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ያሉትም ቢሆኑ ደስ ብሏቸው አያወሩትም። ግማሾቹ ሸጠው የተጸጸቱ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ገዝተው በማግስቱ መልሰው የሸጡ። እኔ ላውራችሁ፤ በቅሎዋ የኔ ነበረች።

ያኔ ገና ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ባሌ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ፤ መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጡኝ እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳልኳቸው ኖርን። ልጅ ሳንወልድ በሁዳዴ ጾም መካከል ታመው ሞቱ። ተዝካራቸው እንደወጣ ወንድሞቻቸው መጥተው መሬቱ የአባታችን ርስት ነው አሉ፤ በሬዎቹ ያለ መሬቱ አይሆኑም አሉ፤ ጎተራው ደግሞ በሬዎቹ ያረሱት ነው አሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲከራከር ውሎ ለኔ የደረሰችኝ አንዲት በቅሎ ሆነች። ወንድሞቻቸው እሷን የለቀቁልኝ አዝነውልኝ አልነበረም፤ ጠባይዋን ስለሚያውቁ ነው።

መሪጌታ መንገድ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ካዩ ወርደው፣ ተሳልመው፣ ጸሎታቸውን ሳያደርሱ አያልፉም ነበር። በቅሎዋ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ የለመደችው ይህንኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን በር ካየች ቀጥ ብላ ትቆማለች። የተቀመጠባት ሰው ወርዶ ትንሽ ካልቆየ በዱላም፣ በልመናም፣ በስድብም አትንቀሳቀስም። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማይታይበት ስፍራ የለም። ለመሪጌታ የተመቸች በቅሎ ነበረች፤ ለሌላ ሰው ግን ግማሽ መንገድ ናት።

ያሰብኩት በቅሎዋን ወረታ ገበያ ሸጬ በዋጋዋ እህል ይዤ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ለመጠጋት ነበር። አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ጥገኛ ምን ጊዜም ጥገኛ ነው። ይህን እያሰብኩ በቅሎዋን እየጎተትኩ፣ በየደጀ ሰላሙ አብሬያት እየቆምኩ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ወረታ ደረስኩ።

ገበያው ገበያ አይመስልም ነበር። በዚያ ሰሞን ከዓባይ ማዶ፣ ጎጃም፣ በመሬት ግብር ምክንያት ገበሬውና መንግሥት ተጣልተው ተኩስ ተከፍቷል ይባላል። ከወረታ ሰው ያየ የለም። የሚወራው ሁሉ ከባሕር ዳር የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ እየጠጡ የጣሉት ነው። ሾፌሩ አንድ ቃል ጥሎ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ቃሉ እዚያው ይወልዳል። አንዱ ወሬ፣ ሸፍቶ የተነሳው ገበሬ ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ ቆርቆሮ ቤት ያለውን ሁሉ የመንግሥት ወገን ነህ እያለ ያቃጥላል የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ የመንግሥት ጦር ከጎንደር ወርዶ ቆርቆሮ ቤቱን ሁሉ ለወታደር ማደሪያ ይወስዳል ይላል። ከሁሉም የባሰው የአውሮፕላኑ ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ ስለሚያበራ ከሰማይ ይታያል፤ አውሮፕላን ደግሞ የሚያበራ ነገር አይወድም ተባለ። ሦስቱ ወሬዎች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ቆርቆሮ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ይስማማሉ።

እንዲህ በመሆኑ ዓለም ተገለበጠች። ትናንት ቆርቆሮ አለኝ ብሎ ደረቱን ይነፋ የነበረው ነጋዴ ጣራው ላይ ወጥቶ ሣር ሲያለብስ አየሁት። ሣር ቤት ያለው ድሃ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቤቱን እንዲሸጥ ሲለምኑት፣ ላስብበት እያለ ጥርሱን ይፍቃል። በደህናው ጊዜ በአራት በሬ የማይገኝ ቤት ወደ ጥማድ በሬ ወረደ፤ ከጥማድም ወደ አንድ ወይፈን። ከብትም ቢሆን ረከሰ፤ የፎገራ ላም እየነዱ መሸሽ አይቻልማ። የተወደደው የሚያሸሽ ነገር ብቻ ነው። የጭነት አህያ እንኳ በዚያ ገበያ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ ነበር።

ገበያው ዳር ሳልደርስ በላቸው የሚባለው ደላላ በቅሎዬን አየ። በላቸው ከብትም፣ ቤትም፣ ሚስትም የሚያገናኝ ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ዋና ሥራው ወሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሽፍቶቹ የት እንደደረሱ ይናገራል፤ ሰው ይደነግጣል፤ ከሰዓት በኋላ የደነገጠውን ሰው ቤት በርካሽ ይገዛል። ሦስት ቤት እንዲህ ገዝቷል ይባል ነበር። የበቅሎዋን ጥርስ እንኳ ሳያይ ልጓሟን ይዞ፣ ተከተይኝ፣ ለዚች የሚሆን ሰው አለኝ ብሎ እየሮጠ ወሰደኝ።

የወሰደኝ ወደ ግራዝማች ደምሴ ቤት ነው። ቤቱ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ የሚገነጠልበት ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል፣ በረንዳ ያለው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ግራዝማች አርበኛ ነበሩ። በጠላት ጊዜ ብቻቸውን የጉማራን ወንዝ መሻገሪያ ዘግተው እንደዋሉ በየበዓሉ ያወራሉ። በየዓመቱ ጉማራ እየሞላ፣ ጠላትም እየበዛ ይሄዳል። የወረታ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያውቀዋል።

ስንደርስ ግራዝማች በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ባሕር ዳር መንገድ ይመለከታሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቄ ልብስ በአቁማዳ እየጠቀጠቁ ያለቅሳሉ። አንዲት አህያ ተጭናለች፤ የጎደለው ለግራዝማች የሚሆን በቅሎ ነው። በላቸው አንድም ነገር ሳይደብቅ፣ ሽፍቶቹ ከባሕር ዳር ወዲህ ዘንዘልማ መድረሳቸውን ዛሬ ጠዋት የሰማው ራሱ እንደሆነ ነገራቸው። የሰማው ከራሱ መሆኑን ግን አልጨመረም።

ግራዝማች በቅሎዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ወደኔ ተመለከቱ።

«ይህን ቤት ውሰጂ። በቅሎዋን ስጪኝ።»

የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። በላቸው ቶሎ ገብቶ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መሬቱ አይቃጠልም፣ መሬቱ ቢወሰድ ድንጋዩ ይቀራል እያለ ያባብለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ የሚቃጠል ቤት ምን ያደርግልኛል እያልኩ አስብ ነበር። በቅሎዋ ያለችኝ አንዲት ነገር ናት። እሷን ሰጥቼ ማታውን ቤቱ ቢነድ፣ አክስቴ ዘንድ እንኳ ባዶ እጄን ነው የምገባ።

በሌላ በኩል ግን አረንጓዴውን በር አየሁት። ከተወለድኩ ጀምሮ የኖርኩት በአባቴ ቤት፣ ከዚያ በባሌ ቤት፣ ቀጥሎም በአክስቴ ቤት ልኖር ነው። ግቢ ወይም ውጪ የምባል እንጂ የምል ሆኜ አላውቅም። ለአንድ ቀንም ቢሆን ይህን በር ከውስጥ ልዝጋው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንዴት እንደመጣብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እሺ» አልኩ፤ «ግን ግራዝማች፣ የበቅሎዋን ጠባይ ልንገርዎ። የመሪጌታ በቅሎ ናት። ቤተ ክርስቲያን ካየች ትቆማለች፤ ካልወረዱላት አትሄድም።»

«እኔ ደምሴ በቅሎ ልማር ካንቺ?» አሉኝ። ዓይናቸው አሁንም መንገዱ ላይ ነበር።

መንገድ ላይ ሲያልፉ የተገኙ ሁለት ሰዎች ምስክር ሆኑ፤ ንጉሥ ይሙት ተባለ፤ ውሉ አለቀ። ወይዘሮ ድንቄ ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ይዘው፣ «በሩ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ከታች ይይዛል» አሉኝ። የሚያለቅሱት ለቤቱ እንጂ ሽፍታውን ፈርተው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ግራዝማች ወደ ጣራ ገዳም ነበር የሚሸሹት። ዱሩ ይሸሽጋል፣ ገዳሙም ያስጠጋል ተብሎ ብዙ ሰው ወደዚያው እየጎረፈ ነበር። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሲሄዱ አየኋቸው። በረንዳዬ ስል ራሴን ሰማሁትና ሳቄ መጣ። ከተማው ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ በቅሎዋ ቀጥ አለች። ግራዝማች ገረፏት፤ ረገጧት፤ ዙሪያቸውን አዩ። ከኋላቸው የሚሸሸው ሕዝብ ደርሶ ያያቸዋል። ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄደው ተሳለሙ። ከኋላ የመጡት ሰዎች፣ በዚህ ጭንቅ እንኳ ሃይማኖታቸውን አልረሱም እያሉ ሲያማትቡ ታዩኝ። ከዚያ እስከ ርብ ድልድይ፣ ከርብም ወዲያ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል። አህያዋን እየነዱ የሄዱት ወይዘሮ ድንቄ ቀድመው ገዳሙ ሥር ገብተው ሲጠብቋቸው እንደዋሉ በኋላ ሰማሁ።

በላቸው ያን ዕለት የሠራውን ደግሞ ስሙ። ጠዋት ዘንዘልማ ደረሱ ብሎ የለቀቀው ወሬ ገበያውን ዞሮ፣ ሻይ ቤቱን ዞሮ፣ በሾፌሮች ረዳት በኩል ከሰዓት በኋላ ይበልጥ ቀርቦ፣ ሐሙሲት ደረሱ ሆኖ ተመለሰለት። የራሱን ወሬ አድጎ ሲያገኘው አላወቀውም። ፊቱ አመድ መስሎ የገዛቸውን ቤቶች ላገኘው ሁሉ በሩጫ ሸጠ፤ አንዱን በአንድ ጎራዴ፣ አንዱን በስንቅ። ሦስተኛውን የሚገዛው አጥቶ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ሄደ።

እኔ ገብቼ በሩን ከፍ አድርጌ ዘጋሁት። ፈርቼ ነበር። ጀግና የነበርኩ አይምሰላችሁ፤ የሸሸ ሁሉ መሸሻ ነበረው፣ እኔ ግን መሸሻዬን ሸጬ ነው የተቀመጥኩት።

በቀጠሉት ቀናት ወረታ ውስጥ የቀረነው አሮጊቶች፣ ውሾችና እኔ ነበርን። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አውሮፕላን መጣ። ድምፁን እንደሰማሁ ከቆርቆሮው ሥር መሆኔ ትዝ አለኝና ወደ ውጭ ሮጥኩ፤ ውጭ ስደርስ ደግሞ ሜዳ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። እንዲህ በሩ ላይ ስመላለስ አውሮፕላኑ አልፎ ወደ ዓባይ ሄደ። ዝቅ ብሎም አላየን። ሌላ ቀን ደግሞ ወታደር የጫኑ መኪናዎች ከጎንደር መጥተው መገንጠያው ላይ ቆሙ። አንድ አለቃቸው ወርዶ ውሃ ለመነኝና ጠጥቶ፣ የከተማው ሰው የት ሄደ ሲል ጠየቀኝ።

«ጣራ ገዳም ለንግሥ» አልኩት።

«የማን ንግሥ ነው?» አለኝ።

«እኔ የቁሐር ሰው ነኝ፤ የዚህን አገር ንግሥ አላውቅም» አልኩት። አመስግኖኝ መኪናው ላይ ወጣና ሄዱ። ቤቴን የወሰደ የለም። ሽፍታም አልመጣም። ከዓባይ ማዶ ስንት ቤት እንደነደደና ስንት ሰው እንደወደቀ በኋላ ስሰማ ግን፣ እኛ የሸሸነው ከሌላ ሰው መከራ ወሬ እንደነበር ገባኝ። መከራው የነሱ ነው፤ የቤት ዋጋ የወረደው እኛ ዘንድ።

ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሣሩ ከጣራ ላይ ወረደ፤ ቆርቆሮው አበራ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሳ። የሸጠ ሁሉ ቤቴን መልስ አለ፤ የገዛ ሁሉ በምስክር ነው የገዛሁት አለ። በላቸው እንኳ በጎራዴ የሸጠውን ቤት እንዲመልሱለት ይከስ ነበር። ነገሩ ወደ ዱላ ሊሄድ ሲል ከጣራ ገዳም አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ መነኩሴ እንዲወርዱ ተለመኑ። ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ቃላቸው አጭር ሽማግሌ ነበሩ። ከከተማው ካህናትና አዛውንቶች ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጡና አንድ ቀላል ፍርድ አወጡ። በፍርሃት የተደረገ ውል ውል አይደለም፤ ስለዚህ በሕዝብ ፊት ቆሞ ፈርቼ ነበር ያለ ሰው የወሰደውን መልሶ ቤቱን ይረከባል አሉ።

መጀመሪያ የቆመው አንድ ጨው ነጋዴ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ያልፈራው ከመሮጤ የተነሳ የጠፋብኝ ጫማዬ ብቻ ነው አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ወይፈኑን መልሶ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ እየተነሳ ፈራሁ፣ ፈራሁ ይል ጀመር። ወረታ እንደዚያን ቀን እውነት የተነገረባት ቀን የለም።

የግራዝማች ተራ ደረሰ። በቅሎዋን ይዘዋት መጥተዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማንም ሳያስራት ቆማለች። እኔም ፊት ለፊት ቆምኩ። አንድ ቃል ከተናገሩ በቅሎዬን ይዤ ወደ አክስቴ ነው። ያን በር ለምጄው ነበር፤ ከታች የሚይዘውን እንኳ ወድጄው ነበር።

ግራዝማች በቅሎዋ ጉድለት አለባት፣ ተታልያለሁ ብለው ጀመሩ። አባ ወልደ ትንሣኤ ጉድለቷን ጠየቋቸው።

«በየቤተ ክርስቲያኑ ትቆማለች» አሉ ግራዝማች።

ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። ይህ ጉድለት ነው ወይ ሲሉ አንዱ ጠየቁ። ምስክሮቹም እኔ ጠባይዋን አስቀድሜ እንደነገርኩ ተናገሩ። ግራዝማች ወደ ሌላ ዞሩ፤ ቤትና በቅሎ በዋጋ አይመጣጠኑም አሉ። እሱማ የዚያ ሰሞን ዋጋ ነበር ብለው አዛውንቶቹ መለሱላቸው። አባ ወልደ ትንሣኤ ያዘኑላቸው ይመስለኛል፤ የመውጫውን በር ራሳቸው ከፈቱላቸው።

«ግራዝማች፣ ሌላውን ይተዉት። ፈርተው ነበር?»

ወይዘሮ ድንቄ ከሴቶቹ መካከል አንገታቸውን አስግገው ባላቸውን ያያሉ። ግራዝማች ሕዝቡን ተመለከቱ። የጉማራን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሕዝብ ነው።

«እኔ ደምሴ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሸሽቼ አላውቅም። ስዕለት ነበረብኝ፤ ጣራ ገዳም ስዕለቴን ላደርስ ነው የሄድኩት።»

«እውነት ነው» አለ ከኋላ የነበረ አንድ ሰው፤ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ እየወረዱ ሲሳለሙ ነበር። የሚሸሽ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ሌላም መሰከረ፤ ሌላም። በክፋት አልነበረም፤ ያከበሯቸው መስሏቸው ነው። አባ ወልደ ትንሣኤ ትንሽ ጠበቋቸው። ግራዝማች ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ምስክርነቱን ተቀበሉ። እንግዲያስ ውሉ በደህና ልብ የተደረገ ነው፣ ይጽና ተባለ። ቤቱ የኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ከዚያ በር ውስጥ የወጣ ነው። በረንዳውን ለልብስ ሰፊ አከራየሁ። መገንጠያው ላይ የሚያድሩ ሾፌሮች ምግብ ሲፈልጉ ሽሮ መሥራት ጀመርኩ። ቆይቶም በፈቃዴ የመረጥኩትን ሰው አገባሁ፤ ወደ ቤቴ የገባው እሱ ነው። ልጆቼን እዚያው ወለድኩ። የመሪጌታ ወንድሞችም፣ በቅሎዋን በእሳት ለወጠቻት ብለው የሳቁብኝ፣ ገበያ ሲመጡ ዝናብ ካገኛቸው በረንዳዬ ላይ ይጠለላሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ደፋር ያሸንፋል አልልም። ያኔ ያሸነፍኩት መሄጃ ስላጣሁ ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙ ሁከት አይቻለሁ፤ መንግሥትም ሲለወጥ፣ ጦርም ሲያልፍ። ሁልጊዜ ከጥይቱ ቀድሞ የሚደርሰው ገዢው ነው። ፊቱን አሳዝኖ ይመጣና፣ ለናንተ ብዬ እንጂ ይህን ቤት አሁን ማን ይገዛዋል ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣባችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ የሚያስፈራ ከሆነ አንተ ምነው ትገዛለህ በሉት። ሰው ፈርቶ ቢሸጥ አልፈርድበትም፤ እኔም ሌላ በቅሎ ቢኖረኝ የት እንደምገኝ አላውቅም።

ግራዝማች ወደ ባላገር ርስታቸው ገብተው እዚያው ኖሩ፤ ሃይማኖተኛነታቸውም በአገሩ ታወቀ። ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ድንቄ አንድ የገበያ ቀን ወደኔ መጡ። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ጠላ ቀዳሁላቸው። በሩን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ያን ቀን ፈራሁ ቢሉ ኖሮ ቤቱን ትመልሺ ነበር?» አሉኝ።

«እመልስ ነበር፣ እመይቴ። ሽማግሌ የፈረደውን ምን አደርጋለሁ» አልኳቸው።

«እኔም ከመቅረባችን በፊት ለምኛቸው ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ ይናገሯትና ቤታችን እንግባ ብያቸው።»

«ምን አሉዎት?»

ጠላቸውን አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረጉና ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ።

«ድንቄ፣ ፈራሁ ማለት እፈራለሁ አሉኝ።»